ስለ ድባቴና ራስን ስለ ማጥፋት ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህ ጽሑፍ በደሴ፣ በወልድያ፣ በከሚሴ፣ በሐይቅና በየገጠር ቀበሌው ስለ ድባቴ (የድብርት ሕመም) ለማስተማር ለሚነሡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ መምህራን፣ የሃይማኖት አባቶችና የቅሬ (የዕድር) መሪዎች የታሰበ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ አብዛኞቹም እንደ እኛ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ ተሰብስበው ከሚሰሙን መካከል አንዱ ሌሊቱን በዚሁ ሐሳብ ሲታመስ ያደረ ሊሆን እንደሚችል አስበን መናገር ይኖርብናል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ሁሉ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ትምህርቱን በሟች ታሪክ መጀመር ነው። እገሌ የት፣ በምን፣ እንዴት እንደሞተ መተረክ የአድማጭን ቀልብ ይስባል፤ ነገር ግን በጭንቀት ውስጥ ላለ ሰው መንገድ ያሳየዋል፤ በተለይ በወጣቶች ዘንድ አንዱን ሞት ሌላ ሞት እንዲከተለው ሊያደርግ እንደሚችል የታወቀ ነው። ከዚሁ ጋር የሚሠራው ጥፋት ምክንያቱን አንድ ማድረግ ነው። «ፈተና ወድቃ ነው»፣ «ከዓረብ አገር ባዶ እጇን ተመልሳ ነው»፣ «ዕዳ አስጨንቆት ነው» እየተባለ ይወራል። ፈተና የወደቁና ባዶ እጃቸውን የተመለሱ እጅግ ብዙዎች ግን ዛሬም በሕይወት አሉ። ከሚታየው ችግር ጀርባ ብዙ ጊዜ ያልታከመ ድባቴ፣ ሱስ፣ ብቸኝነት፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በየቤቱ ጥሎት የሄደው ሐዘን ተደራርቦ ይገኛል። ምክንያቱን በአንድ ቃል የዘጋ አስተማሪ፣ ሳያስበው፣ ዘንድሮ ፈተና የወደቀችውን ልጅ ያለ መውጫ ይተዋታል። ይልቅስ እዚያ ሐሳብ ላይ ደርሰው እርዳታ ያገኙና የተሻላቸው ሰዎች፣ ፈቃዳቸው ሲሆን፣ እንዴት እንዳለፉት ቢነገር ሕይወት ያድናል።

ሁለተኛው ስህተት ድባቴን ከእንባ ጋር ብቻ ማያያዝ ነው። በእኛ አካባቢ ድባቴ የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲመጣ አዝኛለሁ አይልም፤ ራሴን ይወቅረኛል፣ ሰውነቴን ይቆረጣጥመኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ ይላል። ወንዶች ዘንድ ቁጣና መጠጥ ሆኖ ሊገለጥ ይችላል። ጎረቤት ቡና ሲጠራ የማትቀር የነበረች ሴት አቦሉን እንኳ ሳትጨርስ ተነሥታ ጓዳ መግባት ከጀመረች፣ ኮርታ ነው ከማለት በፊት ምን እንደሆነች መጠየቅ ይገባል። ደስታ ይሰጥ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ፣ ድካሙ፣ የምግብ ፍላጎት መለወጡ፣ ራስን ከንቱ አድርጎ ማየቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ ስንፍና ወይም የእምነት ጉድለት ሳይሆን የሚታከም ሕመም ነው።

መጠየቅን መፍራትም አለ። ብዙዎች «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብለው ዝም ይላሉ። በርኅራኄና በግልጽ መጠየቅ ግን ሐሳቡን እንደማይፈጥር ጥናቶች አረጋግጠዋል፤ ተጠያቂው ብዙ ጊዜ ሸክሙ ቀለል ይለዋል። «እንዲህ ሲጨንቅሽ ምነው በሞትኩ ትያለሽ? ራስሽን ለማጥፋትስ አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ወሎ ላይ «አብሽር» ሳንባባል የምናልፈው መከራ የለም፣ ደግም ልማድ ነው፤ ሆኖም ሰውየው ሳይጨርስ የተባለ «አብሽር» ጨዋታውን ይዘጋዋል። አስቀድሞ ይደመጥ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻውን አይተው፤ ምስጢሩን ለማንም አልናገርም ብሎ ቃል መግባትም አይገባም፤ የሚያምነው ዘመድ ተጠርቶ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በዚያኑ ዕለት ይወሰድ።

ብዙ ትምህርቶች ዘለው የሚያልፉት ነገር አለ፦ አደገኛ ነገሮችን ከቤት ማራቅ። ራስን የማጥፋት ግፊት ብዙ ጊዜ ለአጭር ጊዜ በርትቶ የሚያልፍ ነውና በዚያች ሰዓት እጅ ላይ ምን አለ የሚለው ሕይወትን ይወስናል። ስሪላንካ አደገኛ ፀረ ተባዮችን ደረጃ በደረጃ ካገደች በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1995 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት፣ ራስን በማጥፋት የሚከሰተው ሞት 70 በመቶ ያህል ቀንሷል። ገበሬው ለሰብልና ለጎተራ የሚገዛውን መድኃኒት ቆልፎ እንዲያስቀምጥ፣ የሕመምተኛውንም ክኒን ቤተሰብ እንዲይዝ መንገር ከረጅም ንግግር ይበልጣል።

ሕክምናን ከጸሎት ጋር ማጋጨት ሌላው ጥፋት ነው። ጠበል የሚጠመቀውን ወይም ወዳጃ (የጸሎት ስብሰባ) ተቀምጦ ዱዓ የሚያስደርገውን ሰው «ይህን ተው» ያለ ባለሙያ ቤተሰቡን ያጣዋል። የሃይማኖት አባትም በበኩላቸው ክኒኑን እንዲያቋርጥ ማዘዝ የለባቸውም፤ የድባቴ መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ሁለት፣ አንዳንዴም አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ከተሻለም በኋላ ለወራት መቀጠል ያሻዋል፤ «ተሽሎኛል» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቆም ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል። ሸኹም ቄሱም አብረው ቢያስተምሩ የሚሰማ ይበዛል።

ሞክሮ የተረፈን ሰው ሕግ ይቀጣዋል የሚለው ፍርሃት ደግሞ ቤተሰብ ነገሩን ደብቆ ከሕክምና እንዲርቅ ያደርጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣን ወይም የረዳን እንጂ ሞክሮ የተረፈውን አይደለም። ይህ በግልጽ ይነገር።

ትምህርቱን የአንድ ቀን ጉዳይ ማድረግም አያዋጣም። ዓለም አቀፉ ራስን የማጥፋት መከላከያ ቀን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታሰበው በጳጉሜን 5 ነው፤ ያን ዕለት ሰው ሁሉ በዓመት በዓል ግርግር ውስጥ ነው። ባነር ተሰቅሎ፣ ንግግር ተደርጎ ከሚበተነው ስብሰባ ይልቅ በቅሬ ስብሰባ ላይ በየጊዜው የሚነሣ አጭር ትምህርት ዘልቆ ይገባል፣ ጥያቄም ያስነሣል።

በመጨረሻም ሞክረው የተረፉትንና በዚህ ሞት ሰው ያጡትን መርሳት አይገባም። ቀደም ሲል መሞከር ለዳግም ሙከራ ዋነኛው አስጊ ምልክት ነው፤ ከሆስፒታል በወጡ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ አደጋው ይበረታል። «አሳፈርኸን» የሚል ወቀሳ በዚያ ጊዜ መርዝ ነው። የቅሬው መሪዎች እንደ ማንኛውም ሞት ለቅሶ መድረስ፣ ሐዘንተኛውን «ምን አድርጋችሁት ነው» ብሎ አለመመርመር፣ ለተረፈው ሰው ደግሞ የሕክምና ቀጠሮው መቼ እንደሆነና ማን አብሮት እንደሚሄድ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ይጠበቅባቸዋል።