ባቡሩ ሲሄድ ድምፁም አብሮት ይሂድ፦ ለሞዴል ባቡር የሚንቀሳቀስ ድምፅ እንዴት እንደሚሠራ

ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ከደብረ ሲና ዳገቱን የሚወጣውን የጭነት መኪና ቀድሞ የሚያገኘው ጆሮ ነው። «ከታች ነው... ኩርባው ጋ ደረሰ... አሁን ዞረ» ትላላችሁ፤ መብራቱ ግን ገና አልታየም። እኔም በሞዴል ባቡሬ ላይ ድምፅ ስገጥም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

ባቡሩ እህቴ ለልጇ ከውጭ ያመጣችው መጫወቻ ነው። ልጁ በሳምንቱ ሰለቸው፣ እኔ ወረስኩት። ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ላይ፣ 1.22 በ2.44 ሜትር መሆኑ ነው፣ ሀዲዱን ዘረጋሁ። በፎም ገደል ሠራሁ፣ ገደሉን በስቼ ዋሻ አወጣሁለት። ለዓይን ሸጋ ነው። ከዚያ ስልኬን ጠረጴዛው ስር አድርጌ የባቡር ድምፅ ከፈትኩ። ጭራሽ ባሰበት። ባቡሩ ማዶ ሲዞር ድምፁ ጉልበቴ ስር ይንኳኳል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ስፒከሩን ባቡሩ ውስጥ መግጠም ነው። በ1፡87 መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ በሚያንስ ባቡር ውስጥ፣ ግን የሚገባው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የሆነ ስፒከር ስለሆነ ድምፁ ትንኝ ይመስላል። ለዚያ የሚሠራው የድምፅ ሰሌዳም ውድ ነው። ሁለተኛው ጠረጴዛው ስር አራት ስፒከር ደርድሮ ድምፁን ከአንዱ ወደ ሌላው ማሻገር ነው። እኔ የመረጥኩት ይህንን ነው፤ ከዚህ በታች የምነግራችሁም እሱን ነው።

ዕቃው

አንድ አርዱኢኖ ኡኖ፣ ማለትም ከኮምፒውተር ኮድ የሚጫንባት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ፤ አራት ዲኤፍ ፕሌየር ሚኒ፣ ማለትም ከሚሞሪ ካርድ ሙዚቃ የምታጫውት የአውራ ጣት ያህል ሰሌዳ፤ አራት ትንንሽ ሚሞሪ ካርድ (ከ32 ጊጋ አይብለጥ)፤ አራት ባለ 3 ዋት ስፒከር፤ አራት ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፤ አራት ሪድ ስዊች፣ ማለትም በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ፤ አንድ ትንሽ ማግኔት፤ 5 ቮልት 2 አምፔር የስልክ ቻርጀር። ስፒከሩን ከተበላሸ ራዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ብትነቅሉም ይሠራል፤ 4 ወይም 8 ኦም መሆኑን ብቻ ከጀርባው አንብቡ።

መጀመሪያ ድምፁ

የምን ባቡር እንደሆነ ወስኑ። የጅቡቲው መስመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ሲደርስ ባቡሩ የእንፋሎት ነበር። ዛሬ በአዲሱ መስመር የሚሄደው የኤሌክትሪክ ነው። በእኛ በኩል በሸዋ ሮቢት የሚያልፈው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሀራ ገበያ ሀዲድም ለኤሌክትሪክ ባቡር የተሠራ ነው። በኤሌክትሪክ ባቡር ላይ «ቹፍ ቹፍ» ብትጭኑበት የሚያውቅ ሰው ይስቅባችኋል።

እንፋሎት ከመረጣችሁ አንድ ሒሳብ አለ። ሁለት ሲሊንደር ያለው ባቡር ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል። የጎማው ዲያሜትር 1.2 ሜትር ቢሆን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ ስድስት ጊዜ ገደማ ማለት ነው። በ60 ሲሄድ ወደ 18 ስለሚደርስ ጆሮ አይቆጥረውም፣ አንድ ላይ ይንሿሿል። በ1፡87 ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ጠረጴዛው ላይ በሴኮንድ 19 ሴንቲ ሜትር ነው። ሜትር አውጡና ባቡራችሁን ለኩት። እኔ ከመለካቴ በፊት በ200 ሲበር ኖሯል!

ድምፁን ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቆርጣችሁ ቢያንስ አሥር ደቂቃ እንዲሆን ደጋግማችሁ ቀጥሉት። አጭር ከሆነ ፕሌየሩ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ትንሽ ዝም ይላል፣ ያቺ ዝምታ ታስጠላለች። ካርዱን ፋት32 አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉ። ኤምፒ3 የሚል ፎልደር ከፍታችሁ (ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍ) ፋይሉን 0001 ብላችሁ አስገቡ። በአራቱም ካርድ ላይ ያው ድምፅ ነው፤ መነሻውን ግን በየካርዱ የተለያየ ቦታ ላይ ቁረጡት። አራቱ ፕሌየሮች በትክክል እኩል አይነሱም። አንድ ዓይነት ፋይል ትንሽ ተቀዳድሞ ሲጫወት ገደል ማሚቶ ይሆናል፤ የተለያየ ቦታ ላይ ከሆነ ግን ጆሮ የጎማ ብዛት አድርጎ ይወስደዋል።

ስፒከሩና የመንዝ ጠጉር

ራቁቱን የተሰቀለ ስፒከር ከፊቱ የሚያወጣውን ድምፅ ከጀርባው የሚያወጣው ይገድለዋል። ስለዚህ ሳጥን ያስፈልገዋል። እኔ የተጠቀምኩት ባለ ክዳን የፕላስቲክ ዕቃ ነው፣ የኦቾሎኒ ቅቤ የነበረበት። ክዳኑን በስፒከሩ ልክ ቀድዶ በኮላ መለጠፍ ነው፤ አየር አያስወጣ። የቲማቲም ቆርቆሮ ሞክሬ ነበር፣ ራሱ ይንቀጫቀጫል።

ውስጡን ምን እንሙላው? እዚህ ላይ አገራችን አድላናለች። የመንዝ በግ ጠጉር! አንድ እፍኝ ታጥቦ የደረቀ ጠጉር በጣታችሁ አፍታቱና ሳትጠቀጥቁ ዕቃው ውስጥ አስገቡ። የስፒከር ሠሪዎችም የበግ ጠጉር ይጠቀማሉ፤ ውስጥ ለውስጥ የሚያንባርቀውን ድምፅ ይውጠዋል። በጠጉርና ያለ ጠጉር አከታትላችሁ ስሙት፤ ያለ ጠጉር ባቡሩ ባልዲ ውስጥ የሚሄድ ይመስላል።

የእኔ ሀዲድ ዙሪያው አምስት ሜትር ተኩል ነው። አራቱን ስፒከሮች በእኩል ርቀት፣ 1.4 ሜትር ገደማ እያራቅሁ፣ ልክ ከሀዲዱ ስር አስቀመጥኳቸው። ፊታቸው ወደ ላይ ነው፤ ከላያቸው ኮምፔርሳቶውን በትራፓኖ ወንፊት አድርጌ በስስ ጨርቅና በሣር አለበስኩት። ወደ ወለል አታዙሯቸው። ጆሮ አቅጣጫ ለመለየት ቀጭኑ ድምፅ፣ የጎማው «ቀጭ ቀጭ»፣ ይረዳዋል። ወለል ላይ ከተደፋ እሱ ይጠፋል። ወፍራሙ ጉርምርምታ ግን ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ስለዚህ ትልቅ ስፒከር ካላችሁ አንዱን ጥግ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱት፣ ማንም አይነቃባችሁም።

ዋሻው ውስጥ ያለውን ስፒከር በአሮጌ ጋቢ ሁለት እጥፍ ሸፍኑት። በቃ፣ የዋሻ ድምፅ ሆነ።

ሽቦው

ፕሌየሮቹን ከቻርጀሩ አገናኙ። የባቡሩን ኤሌክትሪክ አትንኩ፤ ከእሱ ከወሰዳችሁ የሞተሩ ጩኸት ስፒከሩ ውስጥ ይገባል። የአርዱኢኖውና የፕሌየሮቹ ኔጌቲቭ ግን አንድ ላይ መታሰር አለበት። ከአርዱኢኖው አራት እግሮች ለየፕሌየሩ አር ኤክስ (ትእዛዝ መቀበያ እግር) በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ሽቦ ስደዱ። ሬዚስተሩን ከዘለላችሁት ድምፁ ውስጥ ዝንብ ይገባል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ስፒከሩ ሁለቱም ሽቦው ለስፒከር በተሠሩት ሁለት እግሮች ላይ ነው የሚገባው። እኔ «ሽቦ ልቆጥብ» ብዬ የአራቱንም ስፒከሮች አንድ አንድ ጫፍ ከኔጌቲቭ ጋር አሰርኩ። አንዱ ፕሌየር ሞቀ፣ ሸተተ፣ አለቀለት።

ሪድ ስዊች ማግኔት ሲቀርበው የሚገጥም የመስታወት ዘንግ ነው። በየስፒከሩ አጠገብ አንድ አንድ ሀዲዱ መሀል ቅበሩ፤ ባቡሩ የት እንደደረሰ ለአርዱኢኖው የሚነግሩት ሴንሰሮች እነሱ ናቸው። እግሩን ስታጥፉ መስታወቱ አጠገብ በፒንሳ ያዙት፤ አለዚያ ቀጭ ይላል። ማግኔቱን ከባቡሩ ሆድ ስር ለጥፉ። ካልሠራ ማግኔቱን አዙሩት፣ አቀማመጡ ለውጥ አለው። በብርሃን የሚሠራ ሴንሰርም አለ፤ እኔ ቤት ግን ጠዋት በመስኮት የሚገባው የደጋ ፀሐይ እያሳሳተው ተውኩት።

ድምፁን ማሻገር

ዋናው ጨዋታ እዚህ ነው። ባቡሩ አንደኛው ሴንሰር ላይ ሲደርስ አንደኛው ስፒከር ሙሉ ነው። ወደ ሁለተኛው ሲሄድ አንደኛው ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ይጨምራል። አርዱኢኖው መንገዱን በምን ያህል ጊዜ እንደሚጨርስ የሚያውቀው ካለፈው ክፍል ነው፤ ያንን በሰባት ሴኮንድ ከሄደ ይህንንም በሰባት ይሄዳል ብሎ ይገምታል። ፍጥነቱን ብትቀይሩ ቀጣዩ ሴንሰር ላይ ራሱን ያርማል።

አቀናነሱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መሀል መንገድ ላይ ሁለቱንም ግማሽ ካደረጋችሁ ባቡሩ ጉድጓድ የገባ ይመስላል። ሁለቱም ሰባ በመቶ አካባቢ መሆን አለባቸው። ዲኤፍ ፕሌየር ድምፁን ከ0 እስከ 30 ይቆጥራል። ጣሪያዬ 24 ስለሆነ የሚለቀቀው ስፒከር 24፣ 22፣ 17፣ 9፣ 0 እያለ ይወርዳል። የሚቀበለው በዚያው ቅጽበት 0፣ 9፣ 17፣ 22፣ 24 እያለ ይወጣል። በመካከል ያሉትን ቁጥሮች ሙሉና በየ100 ሚሊ ሴኮንዱ ላኩ፤ ከዚያ ብታፈጥኑ ፕሌየሩ ትእዛዝ ይዘላል። ኮዱ ሲጀምር ደግሞ ሦስት ሴኮንድ ጠብቁ፣ ፕሌየሮቹ ካርዳቸውን እስኪያነቡ። ከዚያ አራቱንም በድግግሞሽ አስጀምሩና ድምፃቸውን ዜሮ አድርጉ።

አሁን የጣርማበሩን ነገር አምጡት። ሰዓቱን አንድ ሴኮንድ ያህል አስቀድሙት፣ ድምፁ ከባቡሩ ትንሽ ይቅደም። ዋሻው መውጫ ላይ ሁለት ሴኮንድ አድርጉት። ዋሻው ባዶ ሆኖ ይታያል፣ ድምፁ ግን እየመጣ ነው። እንግዳ ሁሉ እዚያች ጋ አንገቱን ያሰግጋል።

ባቡር ሲያልፍ ቃናው የሚወርደውን ነገር ልጨምር ብላችሁ ከሆነ፣ ተዉት። በእውነተኛው ዓለም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ባቡር የጡሩምባው ቃና በፒያኖ ጥቁሩን ጨምሮ ሁለት ቁልፍ ያህል ይወርዳል። ያ ግን ሀዲዱ ዳር ለቆመ ሰው ነው። እኛ ሞዴሉን የምናየው ከገደል አፋፍ እንደምናየው ነው። ጡሩምባውን ለብቻው 0002 ብላችሁ ጫኑትና መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ ካለው አንድ ስፒከር ብቻ ይጩህ።

አንድ የቆመ ድምፅም ያስፈልጋል። የሚሄደው የሚታወቀው በቆመው ነው። በስልኬ የሰፈራችንን ወፍጮ ቀድቼ በሌላ አሮጌ ስልክ ጠረጴዛው ጥግ ካለችው ትንሽ መንደር ስር ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። ወፍጮው ባለበት ይንኳኳል፣ ባቡሩ አልፎት ይሄዳል።

ፈተናው

መብራት አጥፉ። አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ መሀል ጎን ላይ ይቀመጥና ባቡሩን በጣቱ ይከተል። የእህቴን ልጅ አስቀመጥኩት። ጣቱ ቀጥታውን ተከተለ፣ ኩርባውን ዞረ፣ ዋሻው ጋ ሲደርስ ግን ዘሎ ወደ ማዶ ሄደና ተመልሶ መጣ። «አጎቴ፣ ባቡሩ ወደኋላ ሄደ እንዴ?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሦስተኛውንና የአራተኛውን ፕሌየር ሽቦ አለዋውጬ ነው የሰካሁት። ሽቦዎቹ ላይ ከመጀመሪያው ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ለጥፉ።