ጋዜጣዎ ከመንግሥት ተጽዕኖ ምን ያህል ነፃ ነው? እንዴት ይፈተሻል

መንግሥትን የተቸ ጋዜጣ ሁሉ ነፃ አይደለም፤ የተቃዋሚ ፓርቲ ልሳንም ይተቻል። መፈተሽ ያለበት ገንዘቡ ከማን እንደሚመጣና የእነማንን ቃል እንደሚጠቅስ ነው። የአንድ ወር ዕትሞች፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘጋጁ። በአንድ ቀን ዕትም አይፍረዱ፤ ፓርላማ በተከፈተ ማግስት የማንኛውም ጋዜጣ ፊት ገጽ በባለሥልጣን ንግግር ይሞላል።

መጀመሪያ የአዘጋጆቹ ስም የሰፈረበትን ሳጥን ያንብቡ፤ አሳታሚውን ይለዩ። አሳታሚንና አታሚን ማደባለቅ የተለመደ ስህተት ነው። የግል ጋዜጦችም ለዓመታት የታተሙት የመንግሥት በሆነው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው፤ ይህ ስለ አዘጋጆቹ አቋም የሚናገረው ነገር የለም። (ማተሚያ ቤቱ አላትምም ያለ ዕለት ግን ጋዜጣው ይቸገራል።)

ቀጥሎ ማስታወቂያ። ቁጥሩን ሳይሆን የያዘውን ቦታ በገጽ ይለኩ፦ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጨረታ በአንድ በኩል፣ የግል ድርጅት በሌላ በኩል ይመዝገብ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክንና የኢትዮጵያ አየር መንገድን ብዙ ሰው ከንግድ ድርጅት ይቆጥራቸዋል፤ የመንግሥት ናቸውና ወደ መጀመሪያው ረድፍ ይግቡ። ከግማሽ በላይ ከአንድ ወገን የሚመጣ ከሆነ፣ ያ ወገን ማስታወቂያውን ቢያቆም ጋዜጣው የሚቆምበት እግር አይኖረውም።

ዋናው ሥራ ምንጭ መቁጠር ነው። 20 የፊት ገጽ ዜና ወስደው በሦስት ዓምድ ይመዝግቡ፦ ባለሥልጣን፣ ጉዳዩ የነካው ሰው፣ ሰነድ ወይም ገለልተኛ ባለሙያ። «አስታወቁ» እና «ገለጹ» ብቻ የሞላበት ዜና የሕዝብ ግንኙነት መግለጫ ቅጂ ሊሆን ይችላል። «ኃላፊውን ለማነጋገር ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» የሚለው ለጋዜጣው ይቆጠርለት፤ በየዕትሙ ከተደጋገመ ግን ሰበብ ሆኗል።

ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በሚታተመው አዲስ ዘመን ላይ ባለቤቱን መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ መንግሥት ነው። እሱን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29(5) ይመዝኑት፦ በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዲችል ሆኖ መመራት አለበት። በወሩ ውስጥ ተቃራኒ ሐሳብ በራሱ በሐሳቡ ባለቤት አንደበት ስንት ጊዜ ወጣ?

ፈተናውን ያለፈውን ጋዜጣ ገዝተው ያንብቡ። ገጹን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መበተን ውለታ ይመስላል፤ ሽያጩን ስለሚቀንስ ጋዜጣውን ይበልጥ ወደ ጨረታ ማስታወቂያ ይገፋዋል። ስህተት ካገኙ ቀኑን፣ ገጹን፣ የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገርና ማስረጃውን ለዋና አዘጋጁ ይጻፉ፤ ከ150 ቃል አይብለጥ። በስድብ የተጀመረ ደብዳቤ አይነበብም። ከዚያ ሁለት ዕትም ይጠብቁ፤ ዕርማቱ የት ገጽ እንደወጣም ይመዝግቡ።