ለቁልፍ ማንጠልጠያ ባትሪ የትኛውን ድንጋይ እንግዛ?

ከቁልፍ ጋር የምትንጠለጠለው ትንሽ ባትሪ ብርሃኗ ሲደክም ብዙ ሰው ይጥላታል። አብዛኛውን ጊዜ የደከመው ግን ድንጋዩ ነው።

መጀመሪያ ክዳኗን ክፈቱ። ድንጋዩን ከማውጣታችሁ በፊት የመደመር ምልክቱ ወደየት እንደሚያይ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ስንት ድንጋይ እንደተደራረበም ቁጠሩ። እኔ የተሸወድኩት ባለመቁጠሬ ነው። ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብቼ አሮጌዎቹን ሳልይዝ «ለዚህች ድንጋይ ስጠኝ» አልኩት። ልጁ ቀዳዳውን አየት አድርጎ አንድ ሲአር 2032 ከተተበት። ልክክ ብሎ ገባ። ማታ አዘዞ ወርጄ ሳበራት ግን ኩራዝ በስንት ጣዕሙ!

ለካ ቀድሞ የነበሩት ሁለት ሲአር 2016 ናቸው። ምስጢሩ ቁጥሩ ላይ አለ፦ 20 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው፤ 16 ማለት ውፍረቱ 1.6፣ 32 ማለት 3.2 ሚሊሜትር። ሁለት 2016 ሲደራረቡ አንድ 2032ን ያክላሉ፤ እያንዳንዳቸው 3 ቮልት ስለሆኑ ግን አንድ ላይ 6 ይሰጣሉ። ነጭ ኤልኢዲ (የባትሪዋ ትንሿ አምፖል) ለመብራት ብቻ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንዱ 2032 ትንሽ ሲደክም ጭል ጭል ማለት ይጀምራል። በግልባጩ ለአንድ 2032 በተሠራች ባትሪ ሁለት 2016 መክተት አምፖሏን ሊያቃጥል ይችላል።

እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያሉ ሦስት አራት ወፈር ያሉ ድንጋዮች ካገኛችሁ ብዙውን ጊዜ ኤልአር 44 ናቸው፣ 1.5 ቮልት። ሁሉንም በአንዴ ቀይሩ፤ አዲሱን ከአሮጌ ጋር አትቀላቅሉ።

ባትሪዋን ገና የምትገዙ ከሆነ እኔ የምመርጠው በአንድ ቀጭን የሪሞት ድንጋይ (ባለ ሦስት ኤ) የምትሠራዋን ነው። ኪስ ውስጥ ትንሽ ትከብዳለች፤ ግን ለጥምቀት ሌሊት ወደ ፋሲል መዋኛ ስትወርዱ መሐል መንገድ ላይ አትከዳችሁም። ድንጋዩም ከሲአር 2032 ሁለት እጥፍ በላይ ጉልበት ይይዛል። ጉድለቱ አልካላይን ሆኖ ሳይነካ ከከረመ ማፍሰሱ ነው፤ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ጊዜው አልፏል። በየቀኑ ለሚያበራ ባለ 1.2 ቮልቱ ቻርጅ የሚደረገው ያዋጣል። ደባርቅን አልፎ ሰሜን ተራሮች ላይ ለሚያድር ደግሞ ብርድ የሚችለው 1.5 ቮልት ሊትየም ይሻላል፣ ዋጋው ቢወደድም። ቁመናው አንድ ዓይነት የሆነ 3.7 ቮልት ድንጋይም አለ፤ ባትሪዋ ለዚያ ካልተሠራች አትሞክሩት።

የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ የማስጣት የድሮ ልማዳችንን ለሊትየም (ሲአር የተባሉትም ሊትየም ናቸው) አታምጡት፤ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ያወጣችሁትን ክብ ድንጋይ በፕላስተር ጠቅልላችሁ ከሕፃን እጅ አርቁ። ልጅ ከዋጠው በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥለው ስለሚችል፣ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዱት።