በክረምት የአዲስ አበባን ሐውልቶች በእግር ለመጎብኘት

ብዙ ሰው ሐውልት መጎብኘትን ለጥቅምት ያቆየዋል። ለምን እንደሆነ ይገባናል፤ ክረምት ላይ ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረ ሰማይ ከምሳ በኋላ ሊያጓራ ይችላል። ነገር ግን ነሐስና ድንጋይ በደመና ቀን ይበልጥ ያምራሉ። የበጋ የቀትር ፀሐይ ነሐሱ ላይ ያንጸባርቅና የፊቱን ቅርጽ ያጠፋዋል። ቁም ነገሩ የትኛውን በስንት ሰዓት ማየት እንዳለባችሁ ማወቁ ነው።

ከስድስት ኪሎ ተነስታችሁ ለገሃር ጨርሱ። ርቀቱ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በአብዛኛው ቁልቁለት ነው። በተቃራኒው ከሄዳችሁ የቸርችል ጎዳናን ዳገት መውጣት ይኖርባችኋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጀምሩ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ለመጨረስ አስቡ።

ከጃንጥላ ይልቅ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ያዙ፤ አንገት ቀና አድርጎ ለማየትም ሆነ ፎቶ ለማንሳት ሁለት እጅ ያስፈልጋል። የጫማችሁ ሶል ጎማ ይሁን። የሐውልት ደረጃዎች ብዙ ጊዜ ልሙጥ ድንጋይ ስለሆኑ ሲረጥቡ በቆዳ ሶል ያንሸራትታሉ። ለስልክ አንድ ፌስታል፣ ለሌንስ መጥረጊያ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ፣ መቀየሪያ ካልሲ ጨምሩ። የፀሐይ መከላከያም አትርሱ፤ በደመና መሃል ብቅ የምትለው የአዲስ አበባ ፀሐይ ታቃጥላለች።

ከሁሉም ረጅም ጊዜ መስጠት ያለባችሁ ለስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት ነው። የ1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ሰማዕታት መታሰቢያ ሲሆን ቁመቱ 28 ሜትር ነው፤ የዩጎዝላቪያ ቀራጮቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ሠርተውታል። መጀመሪያ ከአደባባዩ ማዶ ሆናችሁ ሙሉ ቁመቱን እዩ። ከዚያ ቀረብ ብላችሁ የነሐስ ምስሎቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። የጠዋት ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ የልብሱ እጥፋትና የእጆቹ ጅማት ጥላ ይጥላሉ፤ ቀትር ላይ ይህ ጥላ ይጠፋና ምስሉ ጠፍጣፋ ይመስላል። ካፊያ ከመጣ አትሽሹ። ውሃው ስርጉድ ስርጉድ ባሉት ቦታዎች ሲቀር መስመሮቹ ይጠቁራሉ፤ በደረቅ ቀን የማይታይ ዝርዝር ያኔ ይወጣል። አጥሩ ተዘግቶ ከሆነ ጥበቃዎቹን አስፈቅዱ። አደባባዩን ስትሻገሩ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በዝናብ የመኪና ፍሬን ቶሎ አይዝም።

ወደ አራት ኪሎ ስትወርዱ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ከባድ ዝናብ ከያዛችሁ የተሻለ መጠለያ አታገኙም፤ ድንቅነሽም እዚያው ናት። የአራት ኪሎው የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት በአጭሩ ይበቃዋል። እዚህ አካባቢ ካሜራችሁን ወደ ቤተ መንግሥቱ ወይም ወደ ጥበቃ ኃይሎች አታዙሩ፤ ክልክል ነው።

ፒያሳ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ፈረሱን እንዳስነሳ ይጠብቃችኋል። በ1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ በወረራው ዘመን ጣሊያን አንስቶት ነበር፣ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ብዙዎች እዚህ ፎቶ ያበላሻሉ። ነጭ ደመና ከኋላ ሲሆን ስልኩ ለሰማዩ ብርሃን ይቀንስና ንጉሡ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናሉ። ስክሪኑ ላይ ፈረሱን ነክታችሁ ብርሃኑን ከፍ አድርጉ፤ ሰማዩ ቢነጣም ግድ የለም። ደግሞ ከፊት ብቻ አትዩት፤ የፈረሱ አነሳስ የሚገባው ከጎን ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም ቅርብ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ግንባታ ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል።

ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከረጃጅም ሐውልቶች ሥርና ከገላጣ ቦታ ወጥታችሁ ሕንፃ ውስጥ ግቡ፤ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። በረዶ ከቀላቀለማ ምንም ጃኬት አይበቃም። ካፌ ስትገቡ ካሜራውን ወዲያው ከቦርሳ አታውጡት። ሙቀቱ ቀዝቃዛው ሌንስ ላይ ጤዛ ይሠራል፤ ሩብ ሰዓት ያህል በቦርሳው እንዳለ ይቆይ።

ዝናቡ ሲያባራ ቸርችልን ውረዱ፤ ከቦዩ ራቅ ብላችሁ፣ መኪና ውሃ ይረጫል። በመንገዱ ላይ ያለውን የትግላችን ሐውልት ከውጭ ማየት ይበቃል ባይ ነን፤ ኃይሉ ቁመቱ ላይ ነውና ከሩቅ ይበልጥ ይታያል። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ ግን መቆም ይገባዋል። የፈረንሳዩ ሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። ጋማውም አካሉም በማዕዘን የተቆረጠ ስለሆነ ድንጋዩ ሲረጥብ ገጽ ከገጽ ይለያል። ዙሩት፤ ከጎን ሲታይ ሌላ አውሬ ነው።

የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ መጨረሻ የሆነው ለብርሃኑ ነው። የጆርጅ ጋርዴ ሥራ ሲሆን በወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው፤ ጣሊያኖች ሮም ወስደውት በኋላ ተመልሷል። ጥቁር ደመና ከኋላው ሆኖ ፀሐይ በቀዳዳ ስትወጣ ወርቁ ብቻውን ይበራል። ይህ ብርሃን ቶሎ ስለሚያልፍ ስልኩን ቀድማችሁ አዘጋጁ። የታክሲ ሰልፍ በዝናብ ይረዝማል፤ የቀላል ባቡሩ ጣቢያ ቅርብ ስለሆነ አቅጣጫችሁ ከሆነ እሱን ያዙ።