ተለማማጅ ስናስተዋውቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቢሮዬ ቃሊቲ ነው። ክረምት ሲመጣ አንድ የሕግ ተማሪ ለልምምድ እቀበላለሁ። ዘንድሮ የመጣችው ለዓመታት ስታስተምር የቆየች መምህርት ናት፤ ሕግ የምትማረው በማታ ነው። እሷ ሥራውን ቶሎ ለመደችው። እኔ ግን ለሰው ሳስተዋውቃት ደጋግሜ ተሳሳትኩ። ሌላው እንዳይደግመው ልጻፈው።

ከሁሉም የከፋው «አዲሷ ጠበቃችን» ማለት ነው። ለማክበር ብለን ነው የምንለው፤ ባለጉዳይ ግን የሰማውን ይይዛል። እንዲህ ብዬ ባስተዋወቅኳት ማግስት አንድ ሰው ደውሎ «ቀጠሮው ላይ አንቺ ቁሚልኝ» አላት። መቆም አትችልም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጥብቅና ለመቆም በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። «አልችልም» ስትለው ሰውየው የናቀችው መሰለው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አሁን የምለው ይህን ነው፦ «የሕግ ተማሪ ናት። ክረምቱን እኛ ጋ ትለማመዳለች። መዝገብ ታደራጃለች፣ ረቂቅ ትጽፋለች። ችሎት የምቆመው እኔ ነኝ።»

ማስተማር ለምን እንደተወች እኛ አንናገር። እኔ በሰው ፊት «ያው የመምህር ደመወዝ ታውቃላችሁ» ብዬ ነበር። ዝም አለች። ማታ ቢሮ ስንዘጋ «ጋሼ፣ ማስተማሩን ጠልቼው አይደለም የመጣሁት» አለችኝ። አንድ ተማሪዋ በውርስ ክርክር ከነእናቱ ከቤት ሲወጣ የምትመክረው አጥታ ነበር። ሕግ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

«ልጅቷ» ማለትም ይቅር። አንቺ መባሉን አትጠላም፤ «ልጅቷ ትቀበልህ» ሲባል ግን ስንት ክፍል ሙሉ ተማሪ ያስተማረችን ሴት ተላላኪ እናደርጋታለን። ባለጉዳዮቹ ራሳቸው «ቲቸር» ይሏት ጀምረዋል። ደስ ይላታል።

ሌላው ስህተት የድሮ ሙያዋን በደፈናው «መምህር ነበረች» ብሎ ማለፍ ነው። ምን እንደምትችል ይነገር እንጂ! አንድ ከሥራ የተባረረ ጥበቃ መጥቶ ነገሩን ከየት እንደሚጀምር ግራ ገብቶት ነበር። እኔ መሃል መሃል ላይ እየገባሁ አደናገርኩት። እሷ ወረቀት ላይ አንድ ረጅም መስመር አሰመረች። «ሥራ የገቡት መቼ ነው? ደብዳቤው የተሰጠዎትስ? በዓሉ ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እያለች ቀኖቹን አንድ በአንድ አስቀመጠቻቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። መስመሩ ላይ ስንቆጥር የቀረን 6 ቀን ብቻ ነበር። ክሱ ደረሰ። ዛሬ ለአዲስ ባለጉዳይ «ነገርዎን በቀን በቀን ታስይዝልዎታለች» ብዬ ነው የማስተዋውቃት።

ቋንቋዋንም አትርሱ። እኛ ለገላን ቅርብ ነን፤ ከሸገር ከተማ የሚመጣ ባለጉዳይ አለን፤ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ደግሞ የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። እሷ አሳምራ ትናገራለች። እኔ ሳልጠይቃት ሁለት ሳምንት አለፈ። እነዚያን ሁለት ሳምንታት ስንት እናቶች በልጆቻቸው አስተርጓሚነት ጭንቀታቸውን ነገሩን።

ባለጉዳይ ሳይፈቅድ አጠገቡ አታስቀምጧት። በተለይ የፍቺ ጉዳይ ሲሆን። «አብራን ብትቀመጥ ቅር ይልዎታል?» ማለት ይበቃል፤ ቅር ካላቸውም ትወጣለች።

የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን ደግሞ ሐምሌ ሳያልቅ አስተዋውቋት። ነሐሴ ከገባ ፍርድ ቤት ለእረፍት ይዘጋል፤ የሚቀረው ተረኛ ችሎት ነው። ያን ጊዜ መስኮቱ ላይ የምታገኙት ሰው እሷን አያውቃትም፤ እሷም ከማን ምን እንደሚጠየቅ ሳታውቅ ልምምዱ ያልቅባታል።