«የጦር መኪና አይሰበርም» ብሎ የሚገዛ ሰው የሚሠራቸው ስህተቶች

አሮጌ የጦር ጂፕ ልግዛ ከሚል ሰው አፍ የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች፦ «ለጦርነት የተሠራ ነው፣ ምን ይሆናል?» እኔም ብያታለሁ። እነዚህ መኪኖች ግን የተሠሩት እንዳይሰበሩ ሳይሆን ሲሰበሩ ሜዳ ላይ ቶሎ እንዲጠገኑ ነው። ከኋላቸው የመለዋወጫ መጋዘን፣ መካኒክና በየቀኑ ዘይት የሚለካ ሹፌር ነበር። መኪናው እርስዎ ግቢ ሲገባ ያ ሁሉ ሰው አብሮ አይመጣም።

ቀለም አይቶ መግዛት

የማያብረቀርቅ አረንጓዴ ቀለም ብዙ ጉድ ይሸፍናል። በአንድ ቅዳሜ ይቀባል፣ ከሥሩ ስቱኮ (የቀዳዳ መሙያ ልጥፍ) ይኑር ላሜራ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው አይሂዱ፤ ከሥር መግባት አለ። ትንሽ መዶሻና ጠንካራ ወስፌ ይያዙ። ሻንሲውን (መኪናውን የሚሸከመውን የብረት አጽም) ስንዝር በስንዝር መታ መታ ያድርጉት፤ ደህናው ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድም ይላል። ከሁሉ በላይ ባሌስትራው የሚታሰርባቸውን ቦታዎችና የኋላውን አግዳሚ ይዩ፤ ጭቃ ገብቶ የሚቀረው እዚያ ነው። የመጀመሪያዋን ጂፕ ልገዛ ስል ሻጩ አጠገቤ ቆሞ ስለ ሞተሩ ያወራል፤ እኔ የኋላውን አግዳሚ አንዴ ብመታው ከውስጡ አንድ እፍኝ ደረቅ ጭቃና ዝገት እጅጌዬ ውስጥ ተዘረገፈ። ወሬው እዚያው ቆመ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ግን ከነጭራሹ አይመኑ። ሠራዊቶች መኪኖቹን ፈትተው እንደገና ይገጥሙ ስለነበር ሞተሩም ቆጣሪውም ስንቴ እንደተቀየረ አይታወቅም።

ለ«ኦሪጅናል» ብሎ ከልክ በላይ መክፈል

እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ዊሊስ ኤምቢና ፎርድ ጂፒደብልዩ የተባሉት ሁለቱ የጦር ጂፖች ተደምረው ከ600,000 በላይ ተመርተዋል። የአንዱ ዕቃ ለሌላው ስለሚገጥም በየጋራዡ ተቀላቅለዋል። ሻጩ «ዊሊስ ነው» ካለ ከራዲያተሩ ሥር ያለውን የሻንሲ አግዳሚ ይመልከቱ፤ የዊሊስ ክብ ቱቦ ነው፣ የፎርድ ደግሞ የተገለበጠ «ዩ» ቅርጽ አለው። ፎርድ በቡሎኖቹ ላይ ሳይቀር «ኤፍ» ፊደል ይመታ ነበር። ጋቢና ውስጥ ያሉት የብረት ሰሌዳዎች ግን አዲስ ተሠርተው ስለሚሸጡ ማስረጃ አይሆኑም። ዋናው ነገር ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር መግጠሙ ነው።

ኤም 151 በተባለው የኋለኛው የአሜሪካ ጦር ጂፕ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1970 በፊት የተሠሩት የኋላ እግራቸው በኃይለኛ መታጠፊያ ላይ ወደ ውስጥ ስለሚሰበሰብ በመገልበጥ የታወቁ ናቸው። የአሜሪካ ጦር ብዙዎቹን ለሰው ከመሸጥ ይልቅ ቆራርጦ ጥሏቸዋል። ተቆርጠው እንደገና የተበየዱ ስላሉ የወለሉንና የጎኑን ብየዳ በደንብ ይዩ።

የፍሬን ዘይት መቀላቀል

ጎዶሎ ሲያዩ ያገኙትን መጨመር ቀላሉ ስህተት ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሲልከን የተሠራውን ዶት 5 የተባለ የፍሬን ዘይት መጠቀም ጀምሯል፤ ይህ ከተለመዱት ዶት 3 እና ዶት 4 ጋር አይዋሃድም። ዶት 5.1 ደግሞ ስሙ ቢመሳሰልም የነዶት 4 ወገን ነው፣ ሲልከን አይደለም። የትኛው እንዳለ ካላወቁ በሲሪንጅ ትንሽ ቀድተው ብርጭቆ ውስጥ ያድርጉና ውሃ ይጨምሩበት። ከተዋሃደ የተለመደው ነው፤ ውሃው ከሥር ተለይቶ ከተኛ ሲልከን ነው። ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ መሆኑንም ያስቡ፦ አንድ ጎማ ቱቦ ከፈነዳ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ አራቱም እግር ፍሬን አልባ ይሆናል። እኔ መኪና ገዝቼ ከመንዳቴ በፊት ቱቦዎቹን ሁሉ እቀይራለሁ፤ ቢያምሩም።

ነፋስ ሳያወጡ ቸርኬ መፍታት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የብዙ የጦር መኪና ቸርኬ ሁለት ግማሽ ሆኖ በቡሎን የተያያዘ ነው። ከፊት ሲያዩት ሁለት ረድፍ ዳዶ አለ፦ የውስጠኛው ቸርኬውን ከመኪናው ያስራል፣ የውጭኛው ግማሾቹን እርስ በርስ ያስራል። ጎማው ተነፍቶ ሳለ የውጭኛውን የፈታ ሰው ብረቱ ፊቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላል፤ በዚህ የሞቱ አሉ። ግማሾቹን ከመለየትዎ በፊት የቫልቩን ልብ አውጥተው ነፋሱ ጨርሶ መውጣቱን ያረጋግጡ፤ ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው አስገብተውም ይሞክሩ። ቫልቩ በጭቃ ተደፍኖ «ባዶ ነው» ያሰኛልና። አዲስ የውጭ ጎማ ከፈለጉም ጥርሱን ብቻ አይዩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠራ ከሆነ ጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፦ 2314 ማለት የ2014 (እ.ኤ.አ.) 23ኛ ሳምንት ነው።

ከአንዱ ባትሪ 12 ቮልት መስረቅ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሠሩት መኪኖች ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች በተርታ። ቴፕ ለመግጠም ከአንዱ ብቻ ሽቦ የሚስቡ አሉ። ያ ባትሪ ብቻውን ይደክማል፤ ዲናሞው ግን ሁለቱን እኩል ስለሚሞላ ያልተነካው ከመጠን በላይ ይሞላል። በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መለወጫ ገዝቶ መገላገል ነው። ባለ 6 ቮልቱ ዊሊስ ደግሞ ወፍራም ገመድ ይፈልጋል፤ ለዚያው ኃይል ከባለ 12 ቮልት እጥፍ ኤሌክትሪክ ያልፍበታልና። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ሲያቃስት ባትሪ የሚቀይር ሰው መጀመሪያ ገመዱን ቢያይ ገንዘቡ ይተርፈው ነበር።

በደረቅ አስፋልት ላይ አራቱንም እግር ማስገባት

መኪና ሲታጠፍ የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። አብዛኞቹ እነዚህ መኪኖች ልዩነቱን የሚያመቻች የመሃል ዲፈረንሻል የላቸውም። አሸዋ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ይፈታዋል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጠመዝማዛው በትራንስሚሽኑ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ክሮቸራ (የማስተላለፊያው ዘንግ መጋጠሚያ) ወይም የማርሽ ጥርስ ይሰበራል። እኔ አንዴ ረስቼው የአራት እግር ማስገቢያው ዱላ አልወጣ አለኝ፤ ጎትቼ ጎትቼ ክንዴ ዛለ። ቀጥ ብዬ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ስነዳ «ቀጭ» ብሎ በራሱ ተለቀቀ።

እንደ ጀርመኑ ኡኒሞግ 404 እና እንደ ወታደራዊው የሶቪየት ኡአዝ 469 ያሉት ደግሞ በየእግሩ ተጨማሪ የማርሽ ሳጥን አላቸው። የዲፈረንሻሉን ዘይት ቀይሮ አራቱን መርሳት የተለመደ ነው።

የጌጆቹን መስታወት መክፈት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ የጦር መኪና ጌጆች (ዳሽቦርድ ላይ ያሉት መለኪያዎች) ቁጥራቸው ጨረር በሚያመነጨው በራዲየም ቀለም ተጽፏል። በጨለማ ማብራቱን አቁሟል ማለት አልቋል ማለት አይደለም፤ ያረጀው የሚያበራው ኬሚካል ነው፣ ራዲየሙ ግማሹ ብቻ ለመጥፋት 1,600 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ቀለሙን ለማሳመር ብለው አይክፈቱት፣ አይፋቁት፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። መስታወቱ ተሰንጥቆ ካገኙት ጌጁን እንዳለ በሌላ ይቀይሩ።