ያገለገለ አይፎን ከመግዛታችሁ በፊት

ብሩን ከኪሳችሁ ሳታወጡ ስልኩ የማን እንደሆነ እወቁ። ካርቶንና ደረሰኝ ብቻውን አይበቃም፤ አፕል በ2013 እ.ኤ.አ. ባመጣው መቆለፊያ ምክንያት የድሮው ባለቤት አካውንት ካልወጣ፣ ስልኩ እጃችሁ ቢገባም የእናንተ አይደለም።

መጀመሪያ *#06# ደውሉና የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ። ከዚያ ሻጩ ራሱ ሴቲንግ ገብቶ፣ ከላይ ያለውን ስም ነክቶ፣ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ «ሳይን አውት» ያድርግ፣ ሁሉንም ዳታም ያጥፋ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ እዛው ሱቁ ውስጥ ዋይፋይ አገናኙና የመነሻ ገጹ እስኪመጣ ድረስ ክፈቱት፤ ሻጩ ቢቻኮልም አትቸኩሉ። ስልኩ የሌላ ሰው ኢሜይልና ፓስወርድ ከጠየቃችሁ ተዉት። «ነገ አስከፍትላችኋለሁ» የሚለው ሻጭ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ግን ፓስወርዱ እሱ ጋር የለም። ሳምሰንግም ከሆነ ሪሴት ከመደረጉ በፊት የጎግል አካውንቱ ይውጣ።